የደም ሰጪዎቻችን ካርዶች

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሱቁ ጓዳ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አልቀመጥም ብሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። አዋላጇ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁላችንም የምንጠራት በኦሮምኛ «አዴ»፣ ወይዘሮ፣ እያልን ነበር። ከእሷ ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህሩ አለ፤ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ስለሚያስጠይቅ ሳሙና ሊገዛ የመጣ መስሎ ነው የገባው፤ ሳሙናውንም ጭኑ ላይ ይዞታል። ባለሱቁ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ከከተመ ብዙ ዓመቱ ነው። ጓዳውን ከሱቁ በሚለየው መጋረጃ ሥር ቆሞ አንድ ዓይኑን ወደ ደንበኛ አድርጓል። አምስተኛው እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከተበላሹ ዕቃዎች ራሴን አስተምሬ በባለሱቁ በረንዳ ላይ ሬዲዮ እጠግን ነበር። የማንንም ስም አልጽፍም። ከአምስታችን ሦስታችን በሕይወት አለን፤ የሞቱት የሁለቱም ልጆች እዚያው ይኖራሉ።

መሐላችን ወለሉ ላይ አንድ የሳሙና ካርቶን ነበር። ውስጡ በከተማውና በአካባቢው ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ካርዶች አሉ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ካርቶኑን እስከ ሰኞ እንድናስረክበው ጠይቆ ነበር። የተሰበሰብነው ምን እንደምናደርግ ለመወሰን ነው።

ካርቶኑ የተጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከኪራሙ በኩል አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት በጭነት መኪና መጣች። የባሏ ደም አልገጠመም። ደም የሚጠራቀምበት ማቀዝቀዣ ስለሌለ የላቦራቶሪ ሠራተኛው ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ እየሮጠ መናኸሪያ መጣና ያገኘውን ሰው ሁሉ መለመን ጀመረ። የደሙን ዓይነት የሚያውቅ ማንም አልነበረም። በመጨረሻ አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ክንዱን ሰጠ፤ በዕድል ገጠመ፤ ሴትዮዋም ዳነች። በማግስቱ ባለሱቁ «እኔ በዚች ሱቅ ክብሪት የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አገኛለሁ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ደም የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይጥፋ?» አለ።

ሥራውን ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልከፈለንም። አዴ በጸሎት ቤትና በገበያ ሰው ታግባባለች፤ መምህሩ መምህራኑን ያመጣል። የላቦራቶሪ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይመረምራል። ባለሱቁ ካርቶን ቆራርጦ ይሰጠናል፤ ሱቁ ከጧት እስከ ማታ ክፍት ስለሆነም ሣጥኑ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። እኔ እጽፋለሁ። ሁለተኛ ቅጂ በሆስፒታሉ፣ ሦስተኛ ቅጂ ደግሞ በአውቶቡስ በሚኬድባት በኡኬ ከተማ ክሊኒክ፣ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ዘንድ ነበር። ኡኬዎች አዲስ ሰው ሲያገኙ ወይም ሰው ቦታ ሲቀይር በትንሽ ወረቀት ጽፈው በአውቶቡስ ረዳት ይልኩልናል፤ እኛም የእኛን እንልክላቸዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ የሱቁንና የሆስፒታሉን ካርዶች ከኡኬ ወረቀቶች ጋር እናስተያያለን።

ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በክዳኑ ላይ ለጥፌው ነበር። ካርዶቹ የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ የጠየቀ ያነባል፣ የፈለገ ይገለብጣል። ካርድ ማረም ግን ለብቻ አይቻልም። የሚያርም ሰው የሚያርመውን ከነስሙ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ሁለት ሰዎች አንብበው ሳይስማሙ አይገባም። የተሰረዘው በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ ነገ ትክክል ሆኖ ቢገኝስ?

በዚህ ሕግ ብዙ ተጨቃጭቀናል። አንድ ጊዜ የአንድ አናጺ ካርድ በሱቁ ሣጥን «ኤ»፣ በሆስፒታሉ «ቢ» ሆኖ አገኘሁትና ሰውየው እንደገና ካልተመረመረ አልኩ።

«አንተ ሬዲዮህን ጠግን» አለኝ የላቦራቶሪ ሠራተኛው። «ደም የእኔ ሥራ ነው።»

«ስለዚህ ነው የምጠይቅህ» አልኩት።

አናጺው ተጠርቶ ተመረመረ። የሆስፒታሉን ካርድ እሱ ሲገለብጥ ተሳስቶ ነበር። የላቦራቶሪ ሠራተኛው ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንኛውንም ነገር ሳያሳየኝ አይጽፍም ነበር።

እኔ የምኮራበት «የሚገኝበት» የሚለው ክፍል ነበር። መምህሩ «ከተማ ውስጥ ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል። ለእኔ አልበቃኝም። «እስከ ሦስት ሰዓት በከኒሳ ቀሴ፣ ወንድሙ ቤት፣ ቆርቆሮው አረንጓዴ። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት እንጨት መሰንጠቂያው። እሑድ ጸሎት ቤት፣ ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር።» እንዲህ ነበር የምጽፈው። ባለሱቁ አንብቦ «የሚያስነጥስበትንም ሰዓት ጻፍ እንጂ፣ ምን ቀረህ?» ይለኝ ነበር። ግን አንዲት እናት ስትመጣ የምንፈልገውን ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ እናገኘዋለን። እኔ ራሴ ካርድ አልነበረኝም። ከሃምሳ ኪሎ በታች ያለ ሰው ደም አይሰጥም፤ እኔ አርባ ስድስት ነበርኩ።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየቀበሌው የጠበቀበት ጊዜ ነበር። ጎረምሶች ዘመድ ቤት ይከርማሉ፤ አንዳንዱ ገጠር ቡና ውስጥ ነው የሚያድረው። በዚያ ሳምንት ረቡዕ ጧት ሊቀመንበሩ ባለ ሦስት ባንድ ሬዲዮ ይዞ በረንዳዬ መጣ።

«አካም ቡልቴ» አለኝ በፈገግታ።

«ደህና አደሩ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጣቢያ ሲይዝ ይሸሻል። እየው።» ሬዲዮውን ከፈትኩ። እሱ ዱካዬን ስቦ ተቀመጠ። «ጎበዝ ነህ ይሉኛል። ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ሰውም ቶሎ ታገኛለህ አሉ።»

ከሬዲዮው ባትሪዎቹን አወጣሁ።

«ወጣት፣ ጤነኛ፣ በሐኪም የተመረመረ፣ ጧት የት፣ ማታ የት። ቀበሌው እንኳ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። እናት አገርም እኮ ደም ያስፈልጋታል። ካርቶኑን እስከ ሰኞ አምጣልኝ። ካልሆነም ገልብጠህ ስጠኝ፤ ለፈለገ ይገለበጣል ይላል አሉ ክዳኑ።»

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጻፍኩት ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ወላድ ለማዳን ብለን በሁለት ዓመት ውስጥ የሠራነው፣ ሰው ለማፈስ ከዚያ የተሻለ የማይገኝለት መዝገብ ነበር። ጽሑፉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካርድ የእኔ ነው።

ቅዳሜ በጓዳው ውስጥ መጀመሪያ የተናገረው መምህሩ ነው። «ማቃጠል ነው። ሌላ ምን አለ?»

«ማክሰኞ አንዷ ደሟ እየፈሰሰ ብትመጣስ?» አለች አዴ። «አመዱን ነው የምሰጣት?»

የላቦራቶሪ ሠራተኛው የሐሰት ካርድ ጽፈን እንስጠው አለ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «በሐሰት ካርድም የሚያዘው ሰው ነው። የሌላ እናት ልጅ።»

ባለሱቁ መጋረጃውን እንደያዘ «በቃል እንያዘው» አለ። «እኔ የዕቃዬን ቦታ በወረቀት አልጻፍኩም። ተከፋፍለን እንያዝ። ጭንቅላት አይፈተሽም።»

«ይፈተሻል» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

ሆኖም ሌላ መንገድ አልነበረም። በደም ዓይነት ተከፋፈልን፤ ኦ የአዴ፣ ኤ የባለሱቁ፣ ቢ የመምህሩ፣ ጥቂቶቹ ኤቢዎች የላቦራቶሪ ሠራተኛው። እኔ ምንም እንዳልይዝ ተስማሙ፤ መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝና። ካርዶቹን ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ ባለሱቁ በጓሮው፣ የሽንኩርት ልጣጭ በሚቃጠልበት ቦታ እሳት አነደደ። አዴ ወደ እኔ ዞራ «ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፣ አትፍራ ማለቷ ነው። ቀጥላም «እኔም ፈርቻለሁ። ግን አትፍራ ማለት ሥራዬ ነው» አለች።

የሆስፒታሉን ቅጂ የላቦራቶሪ ሠራተኛው በዚያው ቀን አጠፋ። የኡኬው ቀረ። እሑድ ጧት የተጠገነ ሬዲዮ ለደንበኛ የማደርስ መስዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ወንዶች ሁላችን ወረድን። አንዱ ጠባቂ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ ጓደኛው ዞሮ «ይሄንን ጠመንጃው ነው የሚሸከመው» አለ። ተሳሳቁ። ውጣ ሲለኝ የአውቶቡሱን በር በሁለት እጄ ይዤ ነው የወጣሁት።

ድሬሰሩን በክሊኒኩ መርፌ ሲቀቅል አገኘሁት። የመጣሁበትን ነገርኩት። ካርዶቹን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ «ግን እኮ አንድ ሰው ገልብጧቸዋል» አለኝ።

«ማን?»

«ሐሙስ የመጣ ሰው ነው። ከጊዳ አያና ክሊኒክ ነኝ አለ። ሱሪው የተተኮሰ፣ ትሑት ሰው። ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ቁጭ ብሎ ጻፈ።»

«ስሙን አልጻፉም?»

«ልጄ፣ አንተ በላክልኝ ሕግ ስሙን የሚጽፈው የሚያርም ሰው ነው። ይሄ አላረመም። ገለበጠ ብቻ።»

እውነቱን ነው። ለሚያርም ሰው ሁለት ጠባቂ አቁሜ ነበር። ለሚወስድ ሰው ግን ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም።

«የደሙን ዓይነት ጽፏል ወይስ የሚገኙበትን ብቻ?»

«ከኋላው ቆሜ አላነበብኩም። ነውር ነው።»

ካርዶቹን ከማቃጠላችን በፊት እያነበብን የኡኬዎቹን ሰዎች ፍለጋ ወጣን። ያን ቀን ካርዶቹ ከምንጊዜውም በላይ ሠሩ። አንዱን ወንዝ ዳር በሬ ሲያጠጣ፣ አንዱን ከጸሎት ቤት ሲወጣ፣ ሌላውን አማቱ ቤት፣ ልክ በተጻፈው ቦታ አገኘናቸው። ለእያንዳንዳቸው «ለጥቂት ሳምንት ቤትህ አትዋል» አልናቸው። አንዱ «የማሽላዬን ወፍ ማን ይጠብቅልኛል?» ብሎ ሳቀብን፤ በኋላ ግን ሄዷል። የመመለሻው አውቶቡስ እስኪነሳ ሦስት ሰዎች ቀሩን። ድሬሰሩ እነግራቸዋለሁ አለ። ካርዶቹን የቆሸሸ ፋሻ በሚጣልበት ጉድጓድ አቃጥለን አመዱን በእንጨት ቆሰቆስነው። የከተማውን ሰዎች ማታ ስመለስ እነ አዴ በቃላቸው ከያዙት አስጠነቀቋቸው።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ሬዲዮውን ሊወስድ መጣ። የላቦራቶሪ ሠራተኛው እንድል የመከረኝን አልኩ፤ ምርመራው ስላረጀ ካርዶቹ ተጥለዋል፣ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሬዲዮውን ከፍቶ አዳመጠ። «ጥሩ ይዟል» አለና አቅፎት ሄደ። አልተቆጣም፤ ደግሞም አልጠየቀኝም። እኔን ከምንም በላይ ያስፈራኝ ይኸው ነው። የፈለገውን ያጣ ሰው ይጨቃጨቃል።

ሐሙስ በኡኬ ገበያ ሰው ታፈሰ። የጭነት መኪና ሞልቶ ሄደ አሉ። ከተወሰዱት ውስጥ ያልደረስንባቸው ሦስቱም ነበሩበት። ድሬሰሩ በአውቶቡስ ረዳት በላከልኝ ወረቀት ለሁለቱ ነግሯቸው እንደነበር፣ እነሱም መሄጃ የለንም እንዳሉት ጽፎልኛል። ሦስተኛውን አላገኘውም። የሦስተኛው ካርድ ትዝ ይለኛል፤ «ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት በገበያው የእህል ተራ፣ ከዋርካው በስተግራ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። የተያዘው ከእህል ተራ ነው ይባላል። ግን ሐሙስ ስንቱ ሰው እህል ተራ ይውላል? ካርድ የሌላቸውም ብዙዎች በዚያው መኪና ተጭነዋል።

አዴ ከዚያ በኋላም የራሷን ድርሻ በቃሏ ይዛ ቆየች። ኦ የሚያስፈልጋቸው እናቶች ሲመጡ ሰው ትልካለች፤ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። እኔ ሌላ ካርድ ጽፌ አላውቅም። ዛሬም በሕዝብ መካከል ዝርዝር የያዘ ሰው ሳይ መንገድ እቀይራለሁ፤ የሠርግ ጥሪ እንኳ ቢሆን።

ይህን የጻፍኩት ሁሉን አውቄ ስላልሆነ፣ በዚያ ሐሙስ ኡኬ ገበያ የነበራችሁ ሰዎች የቀረውን እንድትጨምሩበት እለምናለሁ። የያዟቸው ሰዎች ገበያውን ከብበው ያገኙትን ነው የወሰዱት፣ ወይስ ስም ይጠሩ ነበር? በእጃቸው ወረቀት አይታችኋል? ከሦስቱ አንዱ ተመልሷል የሚባል ወሬ ሰምቼ ብፈልግም አላገኘሁትም፤ የት እንዳለ የምታውቁ ንገሩኝ። በክሊኒኩ ቁጭ ብሎ የገለበጠው ሰውም እውነት ከጊዳ አያና ከነበረና ለወላዶች ብሎ ከጻፈ፣ እሱ ወይም አብሮት የሠራ ሰው ይህን ካነበበ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። ወደ ሱቁ ብትልኩት ይደርሰኛል፤ አሁን የባለሱቁ ልጅ ነው ያለበት።