ሮቤ ላይ የተሰቀለው ሐዲድ

ሮቤ በሚገኘው የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበር ንብረት ክፍል ስቀጠር የተረከብኩት መዝገብ በአንዱ መስመር ላይ «ብረት፣ አንድ» ይላል። ብረቱ ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ላይ በሽቦ ተሰቅሎ ለስብሰባ የሚደወል ቁራጭ ሐዲድ ነው። ባሌ ባቡር ገብቶ አያውቅም። ታዲያ ከየት መጣ?

መልስ የነበራቸው ደዋዩ ብቻ ነበሩ፤ ከአዋሽ ቆላ የመጡ የማኅበሩ ሽማግሌ ዘበኛ። በጉልምስናቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ እንደነበሩ ይናገራሉ፤ የሚያምናቸው ግን አልነበረም። ስንዴ ሊያስረክቡ የሚመጡ ገበሬዎች ያሾፉባቸዋል።

«ጋሼ፣ ባቡሩ ዛሬ በስንት ሰዓት ይገባል?»

«አንተ መጀመሪያ ትኬት ቁረጥ!»

ሥራ ሲቀዘቅዝ አጠገባቸው ተቀምጬ እጠይቃቸው ነበር። ጣቢያው ከጅቡቲው መስመር ተገንጥሎ ወደ ጥጥ እርሻ በሚገባ አጭር ሐዲድ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ የድንጋይ ክፍል፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ባቡሩ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል።

«ሲመጣ ወደፊት፣ ሲመለስ ወደኋላ ነበር የሚሄደው» አሉኝ።

ሰው ሁሉ የሚስቀው እዚህ ላይ ነበር። እኔም ውሸት መሰለኝ። በማግስቱ ግን መጋዘን ስጠርግ ነገሩን አሰብኩት፤ ጣቢያው ማዞሪያ ከሌለው ባቡሩ እንዴት ይዞራል? ከዚያ ወዲህ በጥርጣሬ ሳይሆን በጉጉት እጠይቃቸው ጀመር።

የመኪና መንገድ ሲከፈት ጥጡ በመኪና ይጫን ጀመር፤ ባቡሩም ቀረ። እሳቸውን ግን ሂድ ያላቸው ስላልነበረ ባቡር የማይመጣበትን ጣቢያ እየጠረጉ ቆዩ። በኋላ ሐዲዱ ተነቀለ። አንድ ባለመኪና በባሌ ጭቃ ጎማ ሥር የሚያነጥፋቸው ሁለት ቁራጮች ገዛ።

«ሐዲዱ ሲጫን እኔም ረዳት ሆኜ ተሳፈርኩ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

አንደኛው ቁራጭ በመንገድ ላይ ጎማ ሥር ተነጥፎ ዲንሾ ቦይ ውስጥ ቀረ። ሌላው ከእሳቸው ጋር ሮቤ ደረሰ።

በአንድ የበጋ ወር ሊቀመንበሩ ሐዲዱ ለብረት ቀጥቃጭ ተሰጥቶ ማረሻ ይሠራበት አለ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱን ተዉልኝ። ከጣቢያው የቀረ ሌላ ነገር የለም።»

«ሐዲድ ይዞ የሚዞር መኪና ስንት ነበር! ይሄ ከእርስዎ ጣቢያ መሆኑን በምን እንወቅ?»

«ሽቦው የተጠመጠመበት ጫፍ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። ሁለቱን የሰረሰረው አለቃዬ ነው። መሀለኛው የኔ ነው፤ አንድ ጣት ዝቅ ብሏል። ብሎኑ አልገባ ሲል በጥፊ መታኝ። ወላሂ!»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ በእጄ ለቀጥቃጩ አስረክበዋለሁ።»

መሰላል አመጣሁ። ሦስት ሰዎች ከሥር ደግፈው ያዙልኝ፤ እኔ የዛገውን ሽቦ ፈታሁ። ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩም። ሐዲዱን መሬት አስተኝተን ጫፉን በጆንያ ጠረግኩት። ሦስት ቀዳዳ። መሀለኛው ዝቅ ያለ። ጣቴን አጋድሜ ለካሁ።

«አንድ ጣት አይደለም፣ አንድ ተኩል ነው» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«በኔ ጣት እንጂ በአንተ ቀጭን ጣት መች ለካሁት!» አሉና ሽማግሌው ወፍራም ጣታቸውን አጋደሙበት። ልክ ሆነ።

ሊቀመንበሩ ቀዳዳውን ጎንበስ ብሎ አየ። «ስቀሉት» አለ። ሊወስድ የመጣው ቀጥቃጭም፣ «ለኔስ የመኪና ባሌስትራ ይሻለኛል፤ ይህን ማን ይቀጠቅጠዋል?» ብሎ ሄደ። ሽቦውን መልሼ የጠመጠምኩት ቀዳዳዎቹ እንዲታዩ አድርጌ ነው። መዝገቡ ላይም «ሐዲድ፣ አንድ፣ ባለሦስት ቀዳዳ» ብዬ አረምኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለሥራ ወደ ሻሸመኔ ስጓዝ አውቶቡሱ ዲንሾ ቆመ። ወርጄ ቦዩን ፈለግኩ። ሁለተኛው ሐዲድ እዚያው ነበር፤ ከሁለት ግንድ ጋር ታስሮ ውሃ የቀዱ ሴቶች ይሻገሩበታል። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ተንበርክኬ ጫፉን ዳሰስኩ። ሁለት ቀዳዳ፣ እኩል።

ስመለስ ነገርኳቸው።

«ያ የአለቃዬ ሥራ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሰው ይሻገርበታል አልክ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስንት ሰው?»

ርዝመቱን በስንዝር ለክቼ ነበር። የተሻገሩትን ግን አልቆጠርኩም።