እንግሊዝኛ በዶማ

በ1979 ዓ.ም. አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከወሎ አምጥተው አሶሳ አጠገብ ካሰፈሩን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የመጀመሪያ ልጄ በመስከረም አሶሳ ከተማ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ከመንደር ያለ ወረቀት መውጣት ክልክል ነበር። ሰኞ ሰኞ ለሳምንቱ ከተማ የምትሄድበትን ወረቀት የሚፈርምላት የመንደራችን ካድሬ ነው። እሱ ካልፈረመ ትምህርት የለም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ከመሀል አገር የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው። እሱ ታዲያ፣ «መጽሐፍ ከሌለ እጅ አለ» ብሎ ሌላ ዘዴ ዘየደ። በሳምንቱ የተማሩትን ቅዳሜና እሁድ ለአንድ የቤታቸው ሰው እንዲያስተምሩ አዘዛቸው። ያም ዶማ፣ ጭቃ፣ ውኃ፣ እጅ የሚነካው ነገር ነው። ሰኞ መጥተው ተማሪያቸው የቱ ጋ እንደከበደው ለክፍሉ ይናገራሉ።

የልጄ ተማሪ እኔ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም እየተቆጡ፣ ደክሞን እያንቀላፋን ነው ያስቆጠሩን። ልጄ ግን አልተቆጣችም።

«አባዬ፣ አሁን እንዳትናገር። እኔ ስናገር አንተ ሥራው ብቻ» አለችኝ። «ስታንድ አፕ!»

እንደተቀመጥኩ አየኋት።

«ተነሳ ማለት ነው።»

«ታዲያ ተነሳ አትይም?»

እናቷ በሳቅ ሞተች። ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ፤ ዶማ አነሳሁ። እንዲህ አድርጋ ሦስት ቅዳሜ ካሠራችኝ በኋላ ነው አፌን እንድከፍት የፈቀደችልኝ። ያን ጊዜ ቃሉ አፌ ላይ ሳይሆን ክንዴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ወደ ሰው አእምሮ በእጁ በኩል እንደሚገባ ያን ወጣት መምህር ማን እንዳስተማረው እንጃ።

በጥቅምት ማሽላ ስንኮተኩት ከጎኔ የድርሻውን መስመር የያዘው ያገሬ ሰው ቆም ቆም አለብኝ።

«ዲግ!» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«ቆፍር ነው የምልህ!»

«ስሙ ጎበዝ! የፈረንጅ ስንዴ ሲበላ ከርሞ ዛሬ ወጣበት!» ብሎ ጮኸ።

መስመሩ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ማን ያቁማቸው፤ «ዲግ!» ይላል አንዱ፣ ሌላው ዶማውን ያሳርፋል። እዚያ እርሻ ላይ ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ይመስለኛል። ሥራውም ቶሎ አለቀ። የቡድን መሪው ግን ሄዶ ለካድሬው ነገረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ሰሞን ከመንደራችን ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ጠፍተው ነበር። ሱዳን የደረሰ ስደተኛ የሚቀበለው ፈረንጅ ነው ይባላል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚማር ገበሬ ሊጠፋ የተሰናዳ ገበሬ ነው። ሒሳባቸው ይኼ ነበር። የጠፉት ሰዎች እኮ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም! መንገዱን ያስተማራቸው ርሀብ ነው።

እሁድ ከቀትር በኋላ መንደሩ መሀል ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ስብሰባ ተጠራ። መምህሩንም ከከተማ አስመጡት።

«ጓድ መምህር፣ ገበሬ በእንግሊዝኛ ከማን ጋር ሊነጋገር ነው? ከትራክተሩ ጋር?» አለ ካድሬው።

«ጓድ፣ ያልተናገሩት ቋንቋ አይያዝም። ሰባ ልጅ በሞላበት ክፍል አንዱ ስንቴ አፉን ይከፍታል? ቤቱ አስተማሪ ሲሆን ግን ሳይወድ በግዱ ይናገራል። አባትየው ሰበብ ናቸው፤ የሚማሩት ልጆቹ ናቸው።»

እኔም አላስቻለኝም። «ትራክተሩስ ሞስኮብኛ ነው የሚሰማው» አልኩ።

ሕዝቡ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። ካድሬው ያየው የእሱን ሳቅ ነው።

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ያ የቤት ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ቆመ ተባለ። መምህሩ ከአሶሳ እንዲነሳ እንጽፋለን ተባለ፤ ጽፈውም አስነሱት። ዛሬ የልጅ ልጆቼ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጠፋ ሲሉ እሰማለሁ። አልጠፋም፤ አባረሩት እንጂ።

ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ።

«የጠፉት መስመራቸው ባዶ ነው። እሷ ትግባበት። ወረቀት አልፈርምም» አለ ካድሬው።

«የእሷን መስመር እኔ እይዛለሁ» አልኩ።

«በራስህ ላይ ደርበህ?»

«ደርቤ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ወገብህ የብረት ነው?»

«ወገቤ የኔ ነው፤ አንተ ፈርም።»

«አንድ ቀን ብታጎድል ትመለሳለች፤ በኋላ እንዳትለምነኝ» አለና ፈረመ።

ቤት ስንገባ ልጄ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ቀረች።

«አባዬ፣ እሱ ከሄደ ምን ላደርግ ነው የምሄደው? ሌላው መምህር ሰሌዳውን ሞልቶ ‹ገልብጡ› ብሎን ይወጣል እኮ። ገልብጬ፣ ገልብጬ፣ ምን ልሆን?»

እውነቷን ነው። ደህናውን አስተማሪ ወስደው ክፍሉን ተዉልን፤ እሱንም በወገቤ ነው የገዛሁት።

«ትሄጃለሽ። ክፉም ቢያስተምሩሽ ትሄጃለሽ» አልኳት። ተናደደችብኝ፤ እራትም አልበላች።

ጠዋት ለሥራ የሚጠራን ብረት ሳይመታ ዶማዬን ይዤ ማሽላው ውስጥ ገባሁ። ያገሬ ሰው መጥቶ፣ «እስቲ አንዱን መስመር ልጋራህ» አለኝ። «የራስህን ያዝ» አልኩትና ከጠፉት ሰዎች መስመር ጀመርኩ።