ማክሰኞን የሚወስድ ጠፋ

ፀሐይወርቅ አዲስ አበባን ሲያሙባት አትወድም። ታክሲ ውስጥ አንዱ «ይሄ ከተማ ሰው የለውም» ያለ እንደሆነ ዞር ብላ፣ «አንተ የት ነው የምትኖረው?» ትለዋለች። የምትናገረው ደግሞ ከምታውቀው ነው። ላፍቶ ውስጥ፣ ጧሪ ያጡ አዛውንቶች በሚኖሩበት ግቢ ወጥ ቤቱን ከያዘች ዓመታት አልፈዋል። የመካኒሳ ነጋዴ ለሰደቃ ብሎ ሙዝ በካርቶን አራግፎ ስሙን ሳይናገር ይሄዳል። ልጁ አንድ ዓመት የሞላው፣ የተመረቀ፣ ከሕመም የዳነ ሁሉ ይደውልላታል፤ «ምሳ ላበላ ፈልጌ ነበር» ይላታል። ቀን የምትሰጠው እሷ ናት።

ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ሁሉም እሁድን ይፈልጋል፤ ካልሆነም በዓልን። ማክሰኞን የሚፈልግ ሰው ግን ገና አልተወለደም። «ማክሰኞ ባዶ ነው፣ የኔ ጌታ» ስትል ከወዲያ ያለው ይስቃል፤ «ማክሰኞማ ሥራ ነው እኮ፣ እናቴ።» እነዚያ አርባ የሚሆኑ አዛውንቶች ማክሰኞ ማክሰኞ ሆድ የሌላቸው ይመስል።

ስለዚህ ግቢው ወይ ከልክ በላይ ይጠግባል፣ ወይ ይራባል። ባለፈው ፋሲካ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቀን መጣ። እሷም የሰጪን እጅ መመለስ ነውር ነው ብላ ሁሉንም አስገባች። ጾሙን ሁሉ በሽሮ የከረመ ሆድ ላይ የሦስት ቤት ዶሮ ወጥ ወረደበት። ሲበዛ ማርም ይመራል፤ በዕድሜ ከሁሉም የገፉት ጋሽ ማናዬ በዚያው ማታ ሐኪም ቤት ገብተው ለጥቂት ተረፉ። በሳምንቱ ማክሰኞ ደግሞ ግቢው ዳቦ በሻይ በላ።

የግቢው ኃላፊ ኖላዊ ወጣት ነው፤ ቁጣው ግን የሽማግሌ ነው። «እትዬ ፀሐይ፣ ከእንግዲህ በበዓል በር ይዘጋል። ሰዉ የሚመጣው ለራሱ ነው፤ ፎቶውን ተነሥቶ ይሄዳል» አላት። ይህ አጥንቷ ድረስ ተሰማት።

«ሰዉ ክፉ አይደለም። ማን በወጉ ነግሮት ያውቃል? ገናን ለእኔ ተውልኝ። አንድ ቤተሰብ አስገብቼ ሌላውን ለማክሰኞ አዞራለሁ። ካልሆነልኝ ያኔ ዝጋው» አለችው። ተስማማ።

የገና ዕለት፣ ቀኑ የተያዘለት ቤተሰብ ምሳውን አብልቶ ሳይጨርስ፣ ሄርሜላ ሳትደውል ሁለት መኪና ሙሉ ዘመድና ድስት ይዛ በር ላይ ቆመች። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የመጋረጃ ሱቅ አላት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ገናን እዚህ ነው የምታሳልፈው። ፀሐይወርቅ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ልጄ፣ ዛሬ ጠግበዋል። ይሄን ጨምሬ እንደ ፋሲካው ሰው አላሳምምም። ማክሰኞ ነይልኝ።»

«ለእናቴ ነፍስ ብዬ ያዘጋጀሁትን?»

«ለእናትሽ ነፍስ ብለሽ ማክሰኞ ነይ።»

«ማክሰኞ ሱቅ አለኝ። እትዬ ፀሐይ፣ እጄን መለሱት እኮ» አለች ሄርሜላ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አክስቷ «ደግሞ ለምጽዋት ቀጠሮ ተጀመረ?» እያሉ መኪና ውስጥ ገቡ። መኪኖቹ ዞረው ሄዱ።

ፀሐይወርቅ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። በዕድሜዋ ሰጪ መልሳ አታውቅም።

ማክሰኞ ሲደርስ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነበረው ክክና ሽንኩርት ነው። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም ብላ ክክ ወጡን ጣደች። ሽንኩርቱን የከተፈችው በሩን በሩን እያየች ነው። እኩለ ቀን ሆነ፤ የመጣ ሰው የለም። ኖላዊ መጥቶ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመ።

«ለጥምቀት በሩን እንዘጋለን፣ እትዬ» አላት ቀስ ብሎ።

«እሺ» አለች። ለከተማዋ የምትከራከርበት አፍ አጣች።

ወጡ ወጥቶ ሊቀርብ ሲል ከውጭ ክላክስ ተሰማ። ሄርሜላ ነበረች። ብቻዋን፣ የሱቅ ልብሷን እንደለበሰች፣ አንድ ትልቅ ድስት አልጫ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች።

«ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት» አለች፤ ኩርፊያዋ ገና አልለቀቃትም። «ቅመም አላበዛሁበትም።»

ፀሐይወርቅ ድስቱን ተቀብላት ከክክ ወጡ ጎን አስቀመጠችው። ኖላዊ ማንም ሳያዘው ሳህን ማደል ጀመረ።

ጋሽ ማናዬ እንግዳ መምጣቱን አይተው ከአግዳሚው ተነሡ።

«ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም በዓል አይደለም፣ ጋሼ። ማክሰኞ ነው» አለቻቸው ፀሐይወርቅ።

ሽማግሌው አላመኗትም። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ተመለሱና የበዓል ኮታቸውን ለብሰው መጡ።