ግቢዬ ውስጥ የቆመችው የጣውላ መኪና

ባለቤቴን ሠላሳ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን ቶሎ ሲወስን አይቼው አላውቅም። ሥራው በር መሥራት ነው። ሰው ቤት ሄዶ የአንዲት መታጠቢያ ቤት በር ለመሥራት ሦስት ጊዜ ይለካል፣ የቀረበለትን ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ ተነስቶ አራተኛ ይለካል። ደንበኞቹ በዚህ ጠባዩ ይወዱታል። ምን አለባቸው፣ አብረውት አይኖሩ!

እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከቤታችን በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ሁለት ማሽንና አንድ መስታወት ያላት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስከፍታትም ስዘጋትም የኖርኩት እኔው ነኝ። ባለፈው ዓመት የሱቋ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ዳሌዬ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው ገጠሙኝ፤ በምርኩዝ መሄዱን ለመድኩት፤ አውቶቡስ መሳፈር ግን አልሆነልኝም። ሱቄ ስምንት ወር ተዘጋች። ደንበኞቼም ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ።

በዚህ መሃል ነው ባለቤቴ ፒካፕ እገዛለሁ ብሎ የተነሳው። እስከዚያ ድረስ በሮቹን የሚያመላልሰው በኪራይ መኪና ነበር። "ጠዋት አንቺን ሱቅ አደርሳለሁ፣ ከዚያ በሮቼን እጭናለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ማንም ሳያነሳኝ ራሴ ልግባ፣ ራሴ ልውረድ። ሆስፒታል ሳለሁ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" እያሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሲያነሱኝ ከርመዋል። ያቺን ቆጠራ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም አልኩ። ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ሰምቶ ረሳው እንጂ።

ለካ ያው አንዱ መኪና በሦስት ደረጃ ነው የሚሸጠው፦ ስታንዳርድ፣ መካከለኛና ፉል ኦፕሽን። ስታንዳርዱ ባለ አንድ ጋቢና ነው፣ የኋላ ወንበር የለውም፤ መስኮቱ በእጅ እየተዞረ ይከፈታል፣ የኋላ መጫኛው ረጅም ነው። መካከለኛው ሁለት ጋቢና አለው፣ ከመሬትም ከፍ ይላል። ፉል ኦፕሽኑ ደግሞ የሌለው ነገር የለም። ባለቤቴ መኪናዎቹ ከነልካቸው የተዘረዘሩበትን ብሮሸር ትራሱ ስር አድርጎ መተኛት ጀመረ። ሰኞ ስታንዳርድ ይላል፣ ረቡዕ መካከለኛ፣ ቅዳሜ ወንድሙ ሲመጣ ፉል ኦፕሽን። የፈጣሪ ያለህ! ሰው እኮ ትዳር እንኳ በዚህ ሁሉ ምክር አይዝም።

ታናሽ ወንድሙን ሰፈሩ "አዋቂው" ይለዋል። ስለሚያውቅ አይደለም፣ "አላውቅም" ሲል ተሰምቶ ስለማያውቅ ነው። የራሱ መኪና የለውም፤ የሰው መኪና ሲገዛ ግን እሱን የሚቀድመው የለም።

"እትዬ፣ ከተገዛ አይቀር ፉል ኦፕሽን ነው" አለኝ። "የቆዳ ወንበር፣ ይሄን የሚያህል ስክሪን፣ የኋላ ካሜራ…"

"ካሜራው ለእኔ ምን ይሠራልኛል?"

"ወደ ኋላ ሲሄዱ ሁሉንም ያያሉ!"

"ወደ ኋላ መሄድ አይደለም ያቃተኝ፣ ወደ ላይ መውጣት ነው።"

"እሱማ ምን ችግር አለው? እኛ እናነሳዎታለን!"

እናነሳዎታለን! እኔ የሲሚንቶ ከረጢት ነኝ? ጠዋት አንስተው ጫኑኝ፣ ማታ ሱቄ ደጅ ማን ያነሳኛል? መንገድ ላይ ሽንት ቢመጣብኝ፣ ጨርቅ ልገዛ ልውረድ ብል፣ አላፊ አግዳሚውን ልጥራ? እንዲህ ከሆነስ ሱቁ ቢቀርብኝ ይሻለኛል። ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ አዋቂው ዞር ብሎ ወንድሙን ስለ ቸርኬው ውፍረት ጠየቀው።

ባለቤቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጣውላ አምጥቶ ግቢው መሃል መቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ያላየውን ነገር በወረቀት አያምንም፤ ለደንበኛም ቢሆን መጀመሪያ በተራ ጣውላ ሞዴል ይሠራል። እናላችሁ ብሮሸሩ ላይ ባለው በመካከለኛው ልክ የመኪና በር፣ ወለልና ወንበር ሠርቶ አቆመ። ጎማ የለው፣ ሞተር የለው፣ ልብስ ማስጫዬን ዘግቶ ቁጭ! በጎኑ ከትርፍ ዕቃው የመኝታ ቤት በር እጀታ መታበት። ጎረቤት በአጥሩ እያየ "መቼ ነው የሚነሳው?" እያለ ሳቀብን። አዋቂውም ላዩ ላይ ወጥቶ መሪ የሚያዞር ይመስል እጁን እያሽከረከረ ተዝናና። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው፤ ባለቤቴ ግን ሜትሩን ይዞ ይዞራል።

አንድ ቀን ሁሉም ሲወጡልኝ ሞከርኩት። ምርኩዜን አስደግፌ፣ እጀታውን ይዤ፣ ደህናውን እግሬን ወለሉ ላይ ሰቀልኩ። ሌላኛው አልከተል አለ። እዚያው አንዱ እግሬ ከላይ፣ አንዱ ከታች እንደሆነ ቀረሁ፤ መውጣትም መውረድም አቃተኝ። እንደምንም ተንሸራትቼ ወረድኩና ቧንቧው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቃ ሱቄ አለቀላት አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ግን እልኸኛ ነኝ። በማግስቱም ሞከርኩ፣ በሦስተኛውም። ባለቤቴ በር ሊገጥም ሲወጣ ጠብቄ በየቀኑ። መቼም አይታመንም፣ ትንሽ በትንሽ ቀለለኝ። በሳምንቱ ጉልበቴ ወለሉ ላይ ደረሰ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ወንበሩ ላይ ቁጭ! እሰይ! እግሬ ዳነ ብዬ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ያን ዕለት ራት ላይ አዋቂውን ቀና ብዬ አየሁትና "የፈለጋችሁትን ግዙ፣ እኔ እወጣዋለሁ" አልኩ። ባለቤቴ ከሳህኑ ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ መብላቱን ቀጠለ።

ቅዳሜ ሦስታችን መኪና መሸጫው ሄድን። አዋቂው በቀጥታ ፉል ኦፕሽኑ ጋ ወሰደኝ። እኔም በትዕቢት ምርኩዜን አቀበልኩትና እግሬን አነሳሁ። እግሬ የት ይድረስ! ወለሉ ደረቴ ላይ ያለ መሰለኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ሻጩ ወጣት ሮጦ መጣ፤ "እማዬ፣ ችግር የለም፣ እናግዝዎት" አለ። አዋቂውም ብብቴ ስር እጁን ከቶ "አንድ፣ ሁለት…" ብሎ ጀመረ።

"አትንኳት!"

ባለቤቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። እሱ እኛን ትቶ አዳራሹ ጥግ ወደ ቆመው ስታንዳርድ ሄደ፤ አቧራ የለበሰ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሜትር አውጥቶ ከመሬት እስከ ወንበሩ ለካ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጠራኝ።

"ሰባ አራት ሴንቲ። የአንቺ ነው።"

"የእኔ ምኑ?"

"የወጣሽበት።"

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ደሜ ፈላ። ለካ የምርኩዜን ጎማ ዱካ ሰጋቱራው ላይ ያየው በመጀመሪያው ቀን ነው። ለካ እግሬ አልዳነም! የጣውላዋን ወለልና ወንበር እኔ ሳላይ በየቀኑ ጣት ጣት የሚያህል ዝቅ ሲያደርግ ከርሞ፣ የወጣሁ ቀን አቁሞታል። በሰው ፊት ባይሆን ምርኩዜን አነሳበት ነበር።

"እሱ እኮ እጀታ የለውም" አለ ሻጩ ፈራ ተባ እያለ። "የተሳፋሪ እጀታ የሚመጣው ከመካከለኛው ጀምሮ ነው።"

"እጀታ የእኔ ሥራ ነው" አለ ባለቤቴ። ከዚያ በሩ አጠገብ ቆመና ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን ከመኪናው ብረት ጋር አጣበቀ፤ ልክ የጣውላዋ እጀታ በነበረችበት ቁመት። "ያዢ።"

እየተበሳጨሁ ያዝኩት። አልሳበኝም፣ አልገፋኝም፤ እንደ በር መቃን ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። አንዱን እግሬን ሰቀልኩ፣ ሌላው ተከተለ፣ ቁጭ አልኩ። ከላይ ሆኜ ቁልቁል አየሁት። አይኔ እንባ ሞላ፤ ንዴቴም አልለቀቀኝም።

"አታለልከኝ" አልኩት።

"አልነካሁሽም" አለኝ።

ስታንዳርዱን ገዛን። አሁን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቄን ራሴ እከፍታለሁ፤ ሦስት የድሮ ደንበኞቼም ተመልሰዋል። መኪናዋ ላይ የመኝታ ቤት በር እጀታ ተገጥሞባታል፤ ያየ ሁሉ ይስቃል። አዋቂው አሁንም ኩርፊያ ላይ ነው፤ ለእሱ የሚሆን የኋላ ወንበር የለማ።

የጣውላዋ መኪና ግን ይኸው እስከዛሬ ግቢዬን ዘግታ ቆማለች። ጨርቅ የማሰጣበት አጣሁ! አርባ ጊዜ አፍርሳት ብዬዋለሁ፤ "ትንሽ ትቆይ" ይለኛል፣ ሌላ ቃል የለውም። ትናንት እሱ ሲወጣ ጠርጥሬ በልብስ መለኪያ ሜትሬ ሄጄ ለካኋት። ከሰባ አራት ሰባ አምስት ሆናለች። ግራ ቀኝ አይቼ፣ ምርኩዜን አስደግፌ ወጣሁባት።