የጨለለቂ ድልድይና የቀን ገቢ ግምት

ነቀምቴ በግብር ሠራተኝነት በተቀጠርኩበት ቀን አለቃዬ መጀመሪያ የሰጡኝ የጎማ ቦቲ ጫማ ነበር። "ግብር በወንበር አይሰበሰብም" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የጨለለቂ ሰፈርን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሥራዬ የቀን ገቢ ግምት ነው። ሒሳብ መዝገብ የማይዙ ትናንሽ ነጋዴዎች ሱቅ ከኮሚቴ ጋር እንሄዳለን፤ ዕቃውንና ገበያውን አይተን በቀን ስንት እንደሚሸጡ እንገምታለን። ግብሩ የሚሰላው ከዚያ ነው። ታዲያ ገማች መጣ ሲባል የሰፈሩ መደርደሪያ ሁሉ ይራቆታል።

አንድ ዓመት ጉድ አየን። ጨርቅ ነጋዴው ኦቦ ጉተማና ጎረቤታቸው ጫማ ነጋዴው ሰይድ ተማክረው ዕቃቸውን ተለዋውጠዋል። የሰው ዕቃ አይገመትብንም ብለው ነው።

"ኦቦ ጉተማ፣ ጫማ ጀመሩ እንዴ?" አልኳቸው።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የሰይድ አደራ ነው እንጂ እኔስ ባዶ ነኝ።"

"ወላሂ፣ እኔ ዘንድ ያለው ጨርቅም የኔ አይደለም!" አለ ሰይድ ከበሩ ላይ ሆኖ።

ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። ጨርቁን ለጉተማ፣ ጫማውን ለሰይድ ገመትን።

ኦቦ ጉተማ ግን አልሳቁም። "ባለፈው ክረምት ምራቴን ምጥ ሲይዛት አምቡላንሱ የጨለለቂን ወንዝ መሻገር አቅቶት ቆመ። በቃሬዛ ተሸክመን አሻገርናት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። አሁን ማርገዝ ፈርታለች። በየዓመቱ የከፈልኩት የት ገባ?"

አፈርኩ።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። "ነጋዴዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ የበጀት ውይይት ይቀመጡ" አልኳቸው።

"አንቺ ሰብስቢ፤ ገንዘቡን ማውጣቱ የኛ ሥራ አይደለም።"

"እንግዲያው ከኦቦ ጉተማ ራስዎ ይሰብስቡ።"

ሳቁ። ሄደውም አስፈቀዱልኝ።

በውይይቱ ላይ ነጋዴዎቹ ገንዘባቸው ለአስተማሪ ደመወዝ፣ ለክትባት፣ ለውኃ መሳቢያ ሞተር እንደሚውል ሰሙ። ኦቦ ጉተማ ተነስተው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ስለ ወንዙ ተናገሩ። ድልድዩ በዕቅድ ተያዘ።

ሐምሌ ላይ የዚያ መስመር ነጋዴ ሁሉ ከፈለ። በጋውን ለድልድዩ ድንጋይ ሲጠረብ ሰይድ ሱቁን እየዘጋ ግንበኞቹን ይቆጣጠር ስለነበር ፎርማኑ ተማረረ።

ድልድዩ ካለቀ በኋላ በመጣው ሌላ ክረምት፣ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ፣ ኦቦ ጉተማን ድልድዩ ላይ አገኘኋቸው። ዝናብ እየደበደባቸው ባጃጁን ሁሉ ዳር ያስይዛሉ። አምቡላንሱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ። ውስጥ ምራታቸው ነበረች፤ ድልድዩ ሲሠራ አይታ ደፍራ አርግዛለች።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ እንደ በሰበሱ መጡና በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቀፉኝ። "ወንድ ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው! ዋቃዮ ገለቶሚ፣ ተመስገን! ኢንተለ ኮ፣ የከፈልኩት የት እንደ ገባ ዛሬ በዓይኔ አየሁ።" ሥራዬን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሰው ግብሩ የገባበትን ሲያይ ይከፍላል። ማሳየቱም የገቢ ሠራተኛ ሥራ ነው።