አገር ልታይ የወጣችው ጓደኛዬ

እናቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ በአፋቸው ላይ ይዘዋል። አባቷ ከአጥሩ ውጭ፣ ከገብሱ ክምር ጥግ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ በረቱ ደጃፍ ላይ የበቅሎዋን ጀርባ ያሻሻል። አክስቴ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የጫነች አህያዋን ይዛ መንገዱ ላይ ወጥታለች፤ እኔ ከአክስቴ ኋላ ነኝ። ጓደኛዬ መሃል ላይ ቆማ፣ ወንድሟ ከውትድርና ሲመለስ ያመጣውን የሸራ ቦርሳ በሁለት ትከሻዋ አንግታ፣ ማንን ቀድማ እንደምትሰናበት ግራ ገብቷት ትስቅ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ከሞላሌ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ የአህያዋ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ የልጅ ልጅ ከካናዳ መጥታ እኔ ዘንድ አደረች። ዝናብ የመታውን ትልቅ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው የእርጥብ ሸራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ትምህርቷን እንደጨረሰች ያን ሰፊ አገር ከዳር እስከ ዳር በትንሽ ገንዘብ እንዳቋረጠችው አጫወተችኝ፤ ጥቂቱን በአውቶቡስ፣ ጥቂቱን በደግ ሰው መኪና፣ የቀረውን በእግሯ። ታድር የነበረው ከማታውቃቸው ሰዎች ቤት ነው።

«የማን ልጅ ነሽ ብለው አልጠየቁሽም?» አልኳት።

«ኧረ አያቴ! ስሜን ይጠይቁኛል፤ ከዚያ የምተኛበትን ያሳዩኛል» አለችና ሳቀች።

እኔ ግን ያ ጥያቄ ያደረገውን አውቃለሁ።

ጓደኛዬና እኔ ስምንተኛ ክፍልን አብረን ጨርሰን ቤት ተቀምጠን ነበር። እኔ በዓመቱ ደብረ ብርሃን ወርጄ ዘጠነኛ ልገባ አባቴ እሺ ብሏል። እሷ ለጥር ታጭታለች፤ ሙሽራው ከግሼ ወገን ነው። ስለ ሙሽራው ክፉም ደግም አልተናገረችም። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሠርጉ በፊት ማዶውን ማየት። ከሰፈራችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው፣ ከሩቁ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ጭጋግ ነው፤ ከጭጋጉ ወዲያ ደግሞ ሌላ መሬት ይታያል። መርሐቤቴ ነው ይሉን ነበር።

«ሰው ይህን በየቀኑ እያየ፣ ሳይሄድበት እንዴት ያረጃል?» ትለኝ ነበር።

ግሼ የሚገኘው በሌላው አቅጣጫ ነው። አንዴ ከተዳረች በኋላ ቤቷን ትታ ወደዚያ የምትሄድበት ምክንያት እንደማይኖራት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አክስቴ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ባናዋን በጥጥ ልትለውጥ ዓለም ከተማ ትወርዳለች። በመኪና ለሚሄድ ሰው መንገዱ አዲስ አበባን ዞሮ ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ ማናችንም አልነበረንም። በእግር ግን ስንቅና ጉልበት ይበቃል። የጓደኛዬ አባት ብዙ ካንገራገሩ በኋላ፣ «በአንቺ ኃላፊነት ነው» ብለው ለአክስቴ አስረከቧት።

አክስቴ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። መንገዱን ሁሉ ስታስተምረን ሄደች። «በሶውን ቀን ላይ፣ ውሃ ያለበት ቦታ ብሉት። ማታ ሰው ቤት ከገባችሁ በኋላ ስንቅ የሚፈታ ባለቤቱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ሲያቀርቡላችሁ ሁለት ጊዜ እንቢ በሉ፤ በሦስተኛው እሺ።»

«በሦስተኛው ባይጠይቁንስ፣ እትዬ?» አለች ጓደኛዬ።

«እንግዲያ ጾማችሁን ታድራላችኋ! ጾመ ነቢያት አይደል? ጽድቅ ነው።»

ጓደኛዬ ሁሉን ትጠይቃለች። ያ ጅረት ከየት ይመጣል፣ ያ ቤተ ክርስቲያን የማን ታቦት ነው፣ ሰዎቹ አጥራቸውን ለምን እንዲህ ይክባሉ። ሰፈራችንን ከለቀቅን ጊዜ ጀምሮ አረማመዷ ተለውጦ ነበር። እኔ እግሬን እያየሁ ስሄድ እሷ ሽቅብ እያየች ትደናቀፋለች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከዘመሮ ወዲህ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ደጃፍ ቆምን። አክስቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን! ቤቶች!» አለች።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

ባለቤቱ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አህያዋ በረት ገባች፤ እግራችን በለብታ ውሃ ታጠበ። ቤቱ የኩበት ጭስና የበግ ጠጉር ይሸታል። ንፍሮ ቀረበልን፤ አክስቴ ዓይኗን አፍጥጣብን ሁለት ጊዜ እንቢ አልን። ከበላን በኋላ ሽማግሌው እንደ ወጉ ወደ ጓደኛዬ ዞር ብለው፣ «ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ጓደኛዬ በዚህ ጥያቄ ትኮራ ነበር። አባቷ ዘር ቆጠራን እንደ ዳዊት አስጠንተዋታል። ተነሥታ ቆማ፣ አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እያለች ወጣች። ከላይ አንድ ስም ላይ ስትደርስ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። እሳቸውን ማን ወለዳቸው?»

ነገረቻቸው።

«የእኔም ናቸው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። «እንግዳ ሆነን መጥተን ዘመድ ሆንን! እንግዲህ ነገ ንፍሮውን ሳያቀርቡልን ራሳችን እንዘግናለን!»

ቤተሰቡ ሳቀ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ገና አላወረዱም ነበር። «ወዴት ናችሁ?» ብለው ጠየቁ። አክስቴ ስለ ባናዋና ስለ ጥጡ ነገረቻቸው። እኔ አክስቴን ተከትዬ ነው አልኩ።

«አንቺስ?»

«አገር ለማየት ነው፣ አባባ» አለች ጓደኛዬ።

«ለቅሶ አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ጠበል ነው?»

«አይደለም። እንዲያው አገሩን ለማየት ነው።»

«አገር ይታረሳል፤ ይወረሳል፤ ይሟገቱበታል» አሉ ሽማግሌው። «መታየት ምን ያደርግለታል?»

እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ለዛሬ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። በዚያ ዘመን በእኛ አገር መሬት በዘር ነበር። ወንድ ይሁን ሴት፣ ከአንድ አባት መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ከባለ ይዞታው ላይ ርስቴን አካፍለኝ ብሎ መነሣት ይችላል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙግት ያሳለፉ፣ ማሳቸውን ከስንት ዘመድ አፍ ያስጣሉ ሰው መሆናቸውን ያወቅነው በኋላ ነው። ከሩቅ አገር የመጣች ልጅ ቤታቸው ገብታ፣ ዘሯን ከእሳቸው ዘር ጋር አገናኝታ፣ ለምን መጣሽ ሲሏት ልይ ብዬ ነው ካለች፣ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ?

በማግስቱ የዘመሮ ገበያ ስለነበረ አክስቴ ጥቂት ባና ልትሸጥ እዚያው እንድናድር ወሰነች። ማለዳ ስወጣ ጓደኛዬ ከግቢው በታች፣ በታጨደው ማሳ ዳር፣ አንድ የቆመ ድንጋይ ላይ ወጥታ አየኋት። ከዚያ ላይ የገደሉ አፍ ይታያል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበታቿ ቆመዋል።

«ይህ ማሳ የማን ነው፣ አባባ?» ትላቸዋለች።

«የእኔ።»

«ያኛውስ? ጥቁር አፈር ያለው?»

«የእኔ።»

«እስከ የት ድረስ ነው?»

«እስከ ቆምሽበት ድንጋይ።»

የወሰን ድንጋይ ነበር። እሷ እንደ ልማዷ ነው የጠየቀቻቸው፤ ጅረቱን ከየት ይመጣል እንዳለችው ሁሉ። ደስ ብሏት ነበር። አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል፣ ዓይኗ ከማሳው አልፎ ማዶ ነው። ሽማግሌው እንዳትወድቅ እጃቸውን ሰጥተው አወረዷት።

ገበያ ላይ ወደ ሞላሌ በቅሎ ከሚነዳ አንድ ነጋዴ ጋር ቆመው ሲያወሩ አየናቸው። አክስቴ ከሩቅ ሰላም አለቻቸው። ያን ቀን ማታም እግራችን ታጠበ፤ ንፍሮው ላይ ሽሮ ተጨመረ። ሽማግሌው ከቤቱ ሞቃት ስፍራ ላይ አስተኙን። ከወንበዴ እንደሚጠብቁን ሁሉ መኝታቸውን በሩ አጠገብ አደረጉ። እንግዳ አይባረርም፣ አይራብም፤ ክሱ ሌላ፣ እንግድነቱ ሌላ ነው። ይህንን ያህል ዓመት ኖሬ እንኳ በእሳቸው ላይ መፍረድ አልሆነልኝም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተሰናብተን ወጣን። «መንገዱ ይቅናሽ» አሉ ለአክስቴ። ለጓደኛዬ፣ «አባትሽን ሰላም በይልኝ» ብቻ አሏት።

ገደሉ አፍ ላይ የደረስነው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ነፋሱ ከታች ይመጣል፤ ሞቃት ነው፤ የማላውቀው የቆላ ሣር ይሸታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ከንፈር ሥር ይንጫጫሉ። ማዶው ከሰፈራችን ሆነን የምናየው ሰማያዊ ነገር አልነበረም። ማሳ አለው፣ ዛፍ አለው፣ ከአንድ ጎጆ ላይ ጭስ ይወጣል። ጓደኛዬ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እትዬ፣ ያ ነጩ መስመር ምንድን ነው?»

«ወንዙ ነዋ። ቀትር ላይ እዚያ ነን። እግርሽን ትነክሪዋለሽ።»

«ከወንዙ አጠገብ ያለው ጥቁሩስ?»

«ሾላ ነው። ከሥሩ እናርፋለን። ያ የምታይው ዳገት ደግሞ ነፍስሽን ያወጣዋል፤ አገር ማየት ምን እንደሆነ ያኔ ታውቂያለሽ።»

አህያዋን ወደ ቁልቁለቱ ስንመልሳት ከኋላችን የበቅሎ ኮቴ ሰማን። ወንድሟ ነበር። ሌሊቱን ሲጓዝ እንዳደረ ጋቢው ላይ ያለው ጤዛ ይናገራል። ሰላም ብሎን ወረደና፣ ፊቷን ሳያይ፣ «አባታችን ተመለሽ ብለዋል» አለ።

«ምን ሆንኩ?» አለች።

ወንድሟ ለአክስቴ ነው የመለሰላት። «ያደራችሁበት ቤት ጌታ ልከውባቸዋል፣ እትዬ። ‹ልጅህን ልከህ ርስቴን ከምታስቆጥር፣ ራስህ መጥተህ ተሟገተኝ› ብለው። አባባ እህል አልቀመሱም። በሠርግ ዋዜማ ልጁን ለመሬት ላከ ልባል ነው ወይ ብለው።»

«አንተ!» አለች አክስቴ። «ይህች ልጅ ማሳውን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ልትሄድ ነው የፈሩት? ባና እንኳ ተሸክማ አታውቅም!»

«እኔ ምን ላድርግ? አባባን ያውቋቸው የለ?»

«እስከ ወንዙ ብቻ ልውረድ» አለች ጓደኛዬ። «ነክቼው እመለሳለሁ።»

«ወርዶ መውጣት ቀኑን ይጨርሰዋል። ዛሬውኑ ይዘሃት ግባ ተብያለሁ።»

አክስቴ አህያዋን ከቁልቁለቱ መልሳ አቆመች። በእሷ ኃላፊነት ነበር። ጓደኛዬ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። ወደ ገደሉ ዞራ ቆመች። ያኔ ወንድሟ፣ «ኮርቻው ላልቷል» አለና ማሰሪያውን ፈታ። አሰረው። እንደገና ፈታው። ኮርቻው እንዳልላላ ሁላችንም እናይ ነበር። አንድም ጊዜ ቀና ሳይል፣ ፀሐይዋ ከገደሉ ግድግዳ ወርዳ ወንዙ ላይ እስክትደርስ ድረስ ሲፈታና ሲያስር ቆየ።

ጓደኛዬ ማየቷን አላቋረጠችም። ጎኗ ስቆም፣ «አንቺ ሂጂ» አለችኝ በዝግታ። «ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን ሞቃት ትነግሪኛለሽ።»

ነገርኳት። ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ከደብረ ብርሃን ስመለስ፣ ግሼ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ አራተኛ ልጇን ታቅፋ ሳገኛት። «ሞቅ ያለ ነው» አልኳት። ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ ትንሽ አሰበችና፣ «እኔስ በልቤ ቀዝቃዛ አድርጌው ነበር» አለች። ከዚያ ሌላ ነገር ተጫወትን።

ያን ቀን ገደሉ አፍ ላይ ግን፣ ወንድሟ ማሰሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ ጠበቅ ሲያደርግ ሰማችው መሰለኝ፣ ነጠላዋን አጣፋች። አክስቴን ጉልበቷን ስማ ተሰናበተቻት። እኔን ሳመችኝ። ወንድሟ በቅሎዋን አቅርቦ እርካቡን ያዘላት። አልወጣችም። በእግሯ፣ ከፊት ከፊቱ፣ ወደ ዘመሮ በሚመልሰው መንገድ ሄደች።