አጎቴን ከደጅ የመለሰው ስፒከር

ዛሬ ከኋላችን «አሰላሙ አለይኩም» ሲባል ማናችንም አልመለስንም።

እዚህ ሐይቅ ከተማ ያለ አንድ ባለሱቅ ሆም ቲያትር፣ ያ ድምፁን ከፊትም ከኋላም የሚያሰማውን፣ ሰጥቶን፣ ሞክረን መግዛታችንን እስከ ነገ እንድንወስን ነግሮን ነበር። የኋላ ስፒከሮቹን ከመቀመጫችን ጀርባ በሩ አጠገብ ሰቀልኳቸው።

ትናንት ድራማው ላይ እንግዳ ሰላም ሲል፣ እማዬ «ወአለይኩም ሰላም፣ ግቡ» ብላ በር ልትከፍት ተነሳች። ጥራቱ እዚህ ድረስ ነው። ሳቅንባት።

ዛሬ ድራማው መሃል ሰላምታው ሲሰማ «አሁንስ አልሸወድም» ብላ ቁጭ አለች። ደግሞ ተሰማ። ለሦስተኛ ጊዜም ተሰማና ቀረ።

ቆየት ብላ ጎረቤታችን ፋጡማ መጣች። «ወንድምሽ በር ላይ እንደ ደንቡ ሦስቴ ሰላም ብሎ መልስ ሲያጣ ተመለሰ እኮ» አለቻት እማዬን።

አጎቴ ከእማዬ ጋር ተኳርፎ ቤታችንን ሳይረግጥ ከርሟል። ከአርዲቦ ድረስ የመጣው ለመታረቅ መሆን አለበት። ስንደውልለት አያነሳም። ሆን ብለን ዝም ያልነው መስሎት ይሆን?

ስፒከሮቹን ነቅያለሁ። ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚጮኸው ብቻ ይበቃናል።

እናንተስ ቤት እንዲህ ያለ ጉድ የሠራ ዕቃ አለ? ካለ፣ እንዴት እንደታረቃችሁ ጻፉልኝ። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ነፋሱ ኮሽ ባደረገው ቁጥር «ወአለይኩም ሰላም» ትላለች።